የጎሽ ኩርፊያ

ጎሽ የሚባለው አሮጌ የጭነት መኪና በጤናው ዘመን ክላክሱን ሲነፋ፣ ሦስት ሰፈር ተሻግሮ የተኛ ደንቆሮ «አቤት» ብሎ ይነሳ ነበር። ውሸት የሚል ካለ ደንቆሮውን ይጠይቅ። አንድ ቀን ደግሞ ሙሉ ጭነት እንደያዘ ድልድይ ተሰብሮ ቢያገኝ፣ ሃምሳ ክንድ ወደ ኋላ አፈግፍጎ፣ ተንደርድሮ ዘሎታል። ይህን የሚያወራው ሹፌሩ ራሱ ነው። ድምፁ ከመኪናው ስለማይተናነስ ሰው ሁሉ አባ ክላክስ ይለዋል። አባ ክላክስን «ዋሸህ» ከማለት ድልድይ መዝለል ይቀላል።

አሁን ግን ጎሽ ግቢ ውስጥ ተኮፍሶ ከቆመ ዘጠኝ ዓመቱ። ጎማው ተንፍሷል፣ ጋቢናው ዝጓል፣ የሹፌሩ ወንበር ላይ ዶሮ ታቅፋለች። ያቆመው ግን ዝገት አልነበረም። ከመቆሙ በፊት ሲያስነሱት ይነሳል፤ ጥቂት ሄዶ፣ ይልቁንም ዳገት ሲይዝ፣ ድምፁ ይሰልልና ቀጥ ይላል። ሩብ ሰዓት ያህል አኩርፎ ሲያበቃ ምንም እንዳልተፈጠረ ደግሞ ይነሳል። አምስት መካኒክ ታግሎት ተሸንፏል። አንዱ ፊልትሮ ቀየረ፣ አንዱ ከናፍጣው መስመር አየር አወጣ፣ አምስተኛው ኮፈኑን ከፍቶ ዘጋና «ይሄ ፍቅር ይዞት ነው፤ መድኃኒት የለውም» ብሎ ሄደ። መንደሩ ሁሉ ሳቀበት።

የአባ ክላክስ ልጅ ብቻ አልሳቀችም። እሷ ከሳቀች ቆይታለች። የጭነት ሸራ ሰፊ ናት፤ መርፌዋ አንድ ስንዝር ነው፣ አፏ ደግሞ ከመርፌዋ ይሾላል።

አንድ ሰኞ አባቷ ከቤት ወጣና ጎሽን በዓይኑ ለካው።

«ቅዳሜ ብረት ገዢው በእሳት መቁረጫው ይመጣል» አለ። «በቁሜ ይቆራረጥ። ስሞት ለቅሶ የመጣ ሁሉ እያየው ከሚስቅብኝ።»

«ከቅዳሜ በፊት ዳገቱን ቢወጣስ?» አለችው።

«ሳይቆም ከወጣ ብረት ገዢውን ራሱን እቆርጠዋለሁ።»

ከመንገዱ ማዶ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ጨዋታቸውን ሁሉ እየሰማ ነበር። ሥራው ጎማ፣ ሙያው ወሬ ነው። አባቷ ሲገባ ጠብቆ መጣ።

«አንድ መካኒክ ቀርቷል፤ ሩቅ አገር ተምሮ ሰሞኑን ተመልሷል። ስሙን ሳልጠራ ግን መርፌውን አስቀምጪልኝ።»

«ማን ነው?»

«ታኮ።»

መርፌው ሸራውን ስቶ አውራ ጣቷን ወጋ። ደሙን መጠጠችና፣ «እሱ ከሚነካው እሳት ይንካው» አለች።

ታኮ የጎሽ ረዳት ነበር። መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ጎማው ሥር የሚወተፈውን እንጨት፣ ታኮውን፣ እንደ ሕፃን ታቅፎት ስለሚዞር ስሙ ያው ቀረ። እሷ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። እሱ ዝም ብሎ ያያታል፣ እሷ ዝም ብላ ትታያለች፤ በዚህ ዓይነት ሁለት ዓመት ሄደ። በመጨረሻ ዝምታው የሰለቻት እሷ ደብዳቤ ጻፈች። በየማለዳው እጁን በሚያስገባበት፣ ሌላ ሰው ግን በማይነካው ቦታ አኖረችው። «ቅዳሜ ና» የሚል ነበረበት። ቅዳሜ አልመጣም።

እንዲያውም በዚያው ሳምንት ጎሽ ሙሉ ቲማቲም ጭኖ ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ቆመ። በሦስተኛው ወደ ኋላ ተንሸራቶ የሰው አጥር ጣሰ፤ ቲማቲሙም መንገድ ለመንገድ ጎረፈ። አባ ክላክስ በሹፌሮች ፊት ቆሞ፣ «ናፍጣዬን ሸጦ ውሃ ሞላበት» ብሎ ጮኸ። በዚያ ድምፅ የተነገረ ነገር እውነት ይሁን ውሸት ማን ይጠይቃል? ከዚያ ወዲያ ታኮን የሚቀጥር ሹፌር ጠፋ፤ እሱም አገር ለቀቀ።

እሷ ሌብነቱን አላመነችም። ያመነችው የባሰ ነው፤ አንብቦ ናቃት። ለዘጠኝ ዓመት በየስፌቱ አብራ የሰፋችው ይህን ነው።

ሆኖም ማክሰኞ አልፎ ሌላ መካኒክ ሲጠፋ፣ ሄዳ ጎሚስታውን «ጥራው» ያለችው ራሷ ናት።

ረቡዕ ጠዋት ታኮ በሩ ላይ ቆመ። ትከሻው ሰፍቷል፣ ቱታው ዘይት በዘይት ነው፤ ዓይኑ ግን ያው ነው። ያው መሆኑ አናደዳት።

«ምን ፈለግክ?»

«ጠርታችሁኛል መሰለኝ።»

«እኔ አልጠራሁህም። መኪናው ነው የጠራህ።»

«እሱ ይሻላል። ሲያኮርፍም በሩ ይከፈታል።»

አባ ክላክስ ድምፁን ሰምቶ ወጣ። «ይሄ ውሃ ቀላቃይ ግቢዬ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ጋሼ፣ ደህና አደሩ» አለ ታኮ። ጥርሱ ገጥሞ ስለነበር ሰላምታው እንደ ምስማር ነው የወጣው። «ሒሳብ አልፈልግም። ችግሩን አገኘዋለሁ። ውሃ ከሆነ የፈለጉትን ይበሉኝ። ካልሆነ ግን፣ ያን ቀን በተናገሩበት አፍ፣ በሹፌሮቹ ፊት፣ ‹ዋሽቼበታለሁ› ይላሉ።»

አባ ክላክስ ሳቀ። «አንተ ጎሽን ዳገት ካወጣኸው፣ እኔ በረዳት ወንበር ተቀምጬ ታኮ እይዝልሃለሁ።»

ጎሚስታው ከማዶ «ወይ ጉድ» አለ። የድሮ ሹፌር በረዳት ወንበር ከሚቀመጥ በእግሩ ይሄዳል። አባ ክላክስ ታሞ ሆስፒታል የተወሰደ ጊዜ እንኳ ራሱ ነድቶ ነው የደረሰው፤ ሐኪሙንም ረዳት አድርጎ ሊመልሰው ነበር ይባላል።

ሥራው ተጀመረ። ታኮ ዶሮይቱን ከነእንቁላሏ በክብር አወረደ። ጎሚስታው ስድስቱን ጎማ አስገባ። የደረቀው ፍሬን ተፈታ፤ ባትሪው ተቀየረ፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ታጥቦ ተገጠመ። ልጅቷ የተቀደዱትን ወንበሮች ለመስፋት ጋቢና ውስጥ ተቀመጠች፤ ከእግሯ ሥር፣ ከብረቱ ወዲያ ማዶ፣ እሱ ተጋድሞ ይፈታል። ቀኑን ሙሉ አልተነጋገሩም። ዝምታው ከመዶሻው ይብስ ነበር።

«አሥራ ዘጠኝ ቁጥር መፍቻ» አለ በመጨረሻ ከሥር።

ወረደችና አንዱን በእግሯ ገፋችለት።

«ይሄ አሥራ ሰባት ነው።»

«የሚያስፈልግህ አሥራ ሰባት ነው።»

ሞከረው። አሥራ ሰባት ነበር።

«ያኔ አገር ልለቅ ስል፣ እሁድ ልሰናበትሽ መጥቼ ነበር» አለ ከሥር። «መስኮቱን ፊቴ ላይ ዘጋሽው። አባትሽ ሌባ ሲለኝ አንጀቴን አልቆረጠውም። አንቺ ስታምኚው ነው የቆረጠው።»

«እኔ ሌባ አላልኩህም።»

«መስኮቱስ?»

«ቅዳሜ ያልመጣ ሰው እሁድ መስኮት ሥር ምን ይሠራል?»

ከመኪናው ሥር ጭንቅላቱ ብቅ አለ። ግንባሩ ላይ ግሪስ አለ። «ቅዳሜ? ማን ነው ቅዳሜ ና ያለኝ?»

አየችው። የሚያስመስል ሰው እንዲህ አያይም። ግን ዘጠኝ ዓመት ያደገ ንዴት ባንድ እይታ አይወድቅም። «ሥራህን ሥራ» ብላ ወደ ጋቢናዋ ወጣች። የዚያን ዕለት የሰፋችው ወንበር ሦስት ጊዜ ተተረተረ።

ዓርብ ጎሽ ተነሳ። ግቢው በጭስ ታፈነ፤ አባ ክላክስ ፊቱን አዙሮ ዓይኑን አሸ፤ ጭሱ ነው አለ። ግቢውን ሁለቴ ዞሮ፣ እንደ ልማዱ፣ ድምፁ ሰልሎ ቀጥ አለ።

«ይኸውልህ» አለ ሽማግሌው።

ታኮ ከጋቢናው ወረደ። ናፍጣውን ከታንኩ ወደ ሞተሩ የሚወስደውን ቱቦ ነቀለና፣ በምትኩ ጀሪካን ሙሉ ናፍጣ ጋቢናው ጣሪያ ላይ ሰቅሎ ከሞተሩ ጋር አገናኘ። ጎሽ ተነሳ። አንድ ሰዓት አጓራ። ሁለት ሰዓት አጓራ። እስከ ምሳ ድረስ ሲያጓራ የሰፈሩ ሰው እርስ በርሱ በጣት መነጋገር ጀመረ።

«ሞተሩ ጤነኛ ነው» አለ ታኮ አጥፍቶት። «በሽታው ታንኩ ውስጥ ነው።»

የታንኩን ቱቦ አፉ ላይ አድርጎ ነፋ፤ ውስጥ ተንቦጫረቀ። ወደ ራሱ ሲስብ ግን ጥቂት ናፍጣ መጣና፣ የሰው መዳፍ እንደሸፈነው ጥርቅም አለ። ናፍጣውን ተፍቶ ፈገግ አለ፤ ተመልሶ ከመጣ የመጀመሪያ ፈገግታው ነበር።

«እዚህ ውስጥ የሚዋኝ ነገር አለ። ሞተሩ ሲስብ ቱቦው አፍ ላይ ይለጠፋል። ሲጠፋ ይለቅና ይንሳፈፋል።»

ታንኩን ከጎሚስታው ጋር አውርደው፣ ገልብጠው፣ አራገፉ። ውስጡን ከሚከፍለው ብረት ጀርባ አንዳች ነገር ሸርተት አለ። ታኮ ሽቦ ቆልምሞ አስገባና ጎትቶ አወጣው።

ትንሽ ፌስታል ነበር። ተጠቅልሎ፣ ተጣጥፎ፣ በቀይ የሸራ ክር ሦስት ጊዜ ታስሯል።

ልጅቷ ቋጠሮውን አወቀችው። በዚያ አገር እንደዚያ የሚቋጥር አንድ እጅ ብቻ ነው ያለው። የጎሽን ጎማ ያዘች።

«አገኘሁህ» አለ አባቷ፣ ጣቱ ታኮ ላይ ተቀስሯል። «ውሃ ካልሆነ ፌስታል ነዋ። ታንኩን የሚከፍተው ማን ነበር? አንተ። በየማለዳው በዘንግ የሚለካው ማን ነበር? አንተ። በክፋት ከተህበት ነው የሄድከው። ሌባ ብቻ አይደለህም፣ ተንኮለኛም ነህ።»

ታኮ ፌስታሉን ይዞ ቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ። ስሙን ሊያጠራ ታንክ ገልብጦ፣ የባሰ ስም አተረፈ።

ዝም ብትል የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ዝምታ ብቻ ነበር የሚፈለግባት፤ እሷ ደግሞ የዝምታ ባለሙያ ናት።

«እኔ ነኝ የከተትኩት» አለች።

«ምን አልሽ?»

«እኔ ነኝ፣ አባዬ። ደብዳቤ ነው። ማለዳ ታንኩን ሲከፍት እንዲያገኘው አንገቱ ላይ ወተፍኩት። ቆሻሻ የሚያስቀረው ወንፊት ጠፍቶ ነበር። የዚያን ዕለት ቸኩለህ አንተ ራስህ ነህ ናፍጣ የሞላኸው። ለካ ገፍተህ አስገብተኸዋል። ለሱ የጻፍኩትን አንተና መኪናህ ዋጣችሁት።»

አባ ክላክስ አፉን ከፈተ። ጎሚስታው እስከ ዛሬ ለሚጠይቀው ሁሉ፣ በዚያች ደቂቃ ጉንዳን ሲሄድ ይሰማ ነበር ይላል።

ታኮ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ወረቀቱ ወጣ። ናፍጣው ቀለሙን አንድ ፊደል ሳያስቀር ጠጥቶታል።

«በዚህ ነው?» አለ፣ ባዶውን ወረቀት አንስቶ። «ዘጠኝ ዓመት ሌባ የተባልኩት በዚህ ነው?»

«እኔስ?» አለች፤ ድምፁ የአባቷ ነበር። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንብቦ ናቀኝ ብዬ በቁሜ የተቃጠልኩት? አፍ አልነበረህም? አንዴ መስኮት ቢዘጋብህ ሁለተኛ አታንኳኳም?»

«አንቺስ አፍ አልነበረሽም? ሰው ልቡን ናፍጣ ውስጥ ይከታል?»

መፍቻውን ጥሎ፣ ወረቀቱን ደረት ኪሱ ከቶ ወጣ። መፍቻውን እንደጣለ፣ ወረቀቱን ግን እንዳልጣለ ጎሚስታው ብቻ አስተዋለ።

ቅዳሜ ታኮ ማንንም ሳያናግር ታንኩን አጥቦ ገጠመ። ብረት ገዢው የእሳት መቁረጫውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ጎሚስታው ስለለፈፈ የአገሩ ሹፌር ሁሉ ተሰብስቧል። ሰዓቱ ከቀትር አልፏል።

አባ ክላክስ መሬት መሬት እያየ አንድ ነገር አጉረመረመ።

«አልሰማንም» አለ ጎሚስታው።

«ዋሽቼበታለሁ አልኩ» ብሎ ሽማግሌው ሲያስገመግም ዶሮይቱ ከነጫጩቶቿ ጓሮ ገባች። «ልጁ አልሰረቀም። ውሃ አልቀላቀለም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት። ያልሰማ አለ?»

ያልሰማ አልነበረም። ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ የእንጨቱን ታኮ ከመሬት አነሳ፤ ዞሮ በረዳቱ በር ወጣና፣ እንጨቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሹፌሮቹ ኮፍያቸውን አወለቁ። ታኮ መሪውን ያዘ። እሷ በመካከላቸው ነበረች፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አላየችም።

ጎሽ ዳገቱን ያዘ። ማርሹ ተቀነሰ። የተጣሰው አጥር አለፈ። ሞተሩ ያጓራል፣ አይሰልልም። ቲማቲሙ የፈሰሰበት ቦታ አለፈ። ግማሽ ላይ ሲደርሱ፣ ጎሽ ቀጥ አለ።

ከታች ከሹፌሮቹ «ኧረ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ጋሼ፣ ታኮ» አለ ታኮ፣ ፍሬኑን እንደረገጠ።

ሽማግሌው እየተራገመ ወርዶ ወደ ኋላው ጎማ ሮጠ። እሷ ግን የታኮን እጅ አየች፤ የሞተሩ ማጥፊያ ላይ ነበር።

«አንተ ነህ ያጠፋኸው።»

«እኔ ነኝ።»

«አብደሃል?»

«ናፍጣው ያነበበውን እኔ አላነበብኩም። ንገሪኝ።»

«ዳገት ላይ?»

«ሜዳ ላይ ስጠይቅሽ መስኮት ትዘጊያለሽ።»

ልትመታው እጇን አነሳች። እጇ መንገዱን ስቶ ግንባሩ ላይ ያለውን ግሪስ ጠረገ።

«‹ቅዳሜ ና፤ ከሰዓት ግቢው በር ላይ ጠብቀኝ› ይላል። ‹የምነግርህ ነገር አለ። እዚህ አልጻፍኩትም፤ ወረቀት ይጠፋል። በአፌ ነው የምነግርህ።› አለቀ።»

«አልጻፍሽውማ» አለ ቀስ ብሎ።

«አልጻፍኩትም።»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው። ከሰዓትም ነው።»

«አሁንም ተናድጄብሃለሁ።»

«እኔም አልበረደልኝም።»

መሪውን አየች፤ የተሰፋውን ወንበር አየች፤ ሌላ የሚታይ ነገር ሲያልቅ እሱን አየች። «እወድሃለሁ» አለች፣ ሰው በሚሳደብበት ድምፅ።

የክላክሱን ገመድ ይዞ ሳበ። ሦስት ሰፈር ተሻግሮ የሰማ ሁሉ ተነሳ።

«ምን ተገኘ?» ብሎ ጮኸ አባ ክላክስ ከጎማው ሥር። «ውሃ ነው?»

«አይደለም፣ ጋሼ።»

«ፌስታል ነው?»

«እሱም አይደለም።»

ሽማግሌው ቀና ብሎ ጋቢናውን አየ። ከዚያ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወዶ ዝቅ ባደረገው ድምፅ፣ «እንግዲያው ጨርሱና አስነሱት፤ ታኮውን ይዣለሁ» አለ።