የቀደደ ይስፋ

መምህሩ መጀመሪያ የመጣ ቀን ሁለት የተቀደዱ ሸሚዞች ክንዱ ላይ ጥሎ፣ ሁለት የተኮራረፉ ተማሪዎች በግራና በቀኝ ይዞ ነው። እኔ በአባቴ ልብስ ስፌት ቤት፣ በሩ አጠገብ፣ ቁልፍ እየተከልኩ ነበር። አባቴ ከውስጥ የስፌት መኪናው ላይ እንዳጎነበሰ፣ ነገ እንደሚደርስላቸው ንገሪያቸው አለኝ።

እሱ ግን ሊያሰፋ አልመጣም። መርፌና ክር እንዳውሰውና ልጆቹን አሰፋፉን እንዳሳያቸው ነው የለመነኝ።

«በእኔ ክፍል ሕጉ አንድ ነው» አለ፣ እንደማፈር ብሎ። «የቀደደ ይስፋ።»

ልጅቷን በትንሽ ነገር ቦግ ስለምትል ክብሪት ይሏታል። ልጁ ግዙፍና ዝምተኛ ነው፤ ግድግዳ ይሉታል። እሷ የእሱን ኮሌታ፣ እሱ የእሷን እጅጌ ቀዶ፣ ሁለቱም በስፖርት ሹራብ ቀርተዋል። አግዳሚው ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ሸሚዝ ተለዋወጡ።

ሕጉ መርፌ ብቻ አልነበረም። እየሰፉ ይናገራሉ፤ የሚናገሩት ግን በራሳቸው ላይ የደረሰውን በደል ሳይሆን በሌላኛው ላይ የደረሰውን ነው። ተበዳዩ «አዎ፣ ያልኩት ይሄንን ነው» እስኪል ድረስ ማንም ወደ ራሱ ነገር አይሄድም።

ክብሪት ጀመረች። «ይሄ ፈዛዛ፣ ዝም ብሎ ተነስቶ...»

ግድግዳ ራሱን ነቀነቀ። እንደገና ጀመረች፤ አሁንም ነቀነቀ። ክሩ ተቋጠረባት፤ ፈታሁላት። በመጨረሻ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ክፍል ውስጥ ሳነብ አፌ ተያዘ። አንቺ ሳቅሽ። ሳቅሽ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ፤ ነው የሚለው።»

ልጁ መርፌውን አቆመ። «አዎ፤ ያ... ያልኩት ይሄንን ነው።»

እሱም በተራው፣ እጅጌዋን ሲይዛት ወንድሞቿ እቤት ውስጥ እንደሚጎትቷት እንደሆነባት ተናገረላት። ክብሪት አለቀሰች፤ ጣቴን መርፌ ወጋኝ ብላ ዋሸችን። መምህሩ ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ መርፌ ላይ ክር ሊያስገባ ሲታገል ነበር። ተቀብዬ አስገባሁለት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ምስጋናውን ረሳው።

ከዚያ ወዲህ ይመላለስ ጀመር። አባቴ ትምህርት ቤት ነው ወይስ የአውራ ዶሮ ሜዳ እያለ ያጉረመርማል። ተማሪዎቹ መርፌ የሚል ስም አወጡለት፤ ቀጭን ነው፣ ደግሞም ሰው ከሰው ይሰፋል። ውሎ አድሮ ጠቡ እየቀነሰ ሄደ። ደስ ሊለኝ ሲገባ እኔ መንገድ መንገዱን አያለሁ፤ ምነው አንድ ሸሚዝ እንኳ ቢቀደድ እያልኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻውን መጣ። የያዘው የራሱን ሸሚዝ ነው፤ ብብቱ ላይ ስፌቱ ተለያይቷል። ገልብጬ አየሁት። ክሩ የተበጠሰ ሳይሆን በመቀስ የተቆረጠ ነበር።

«ይሄንን ማን ቀደደው?»

«እኔ።»

«እንግዲያውስ ሕጉን ታውቀዋለህ» አልኩና መርፌውን ሰጠሁት።

እስኪመሽ ሰፋ። በሕይወቴ እንደዚያ የተጣመመ ስፌት አይቼ አላውቅም። ስንት ነገር አወራን፤ የፍቅር ቃል ግን አንድም አልወጣንም። ሲሄድ ሁለታችንም አውቀነዋል።

እኔን ለትዳር ከአባቴ ሊጠይቅ የመጣ ዕለት አባቴ መኪናውን አላቆመም።

«የሰው ቤት እሰፋለሁ ሲል የእኔን የሚተረትር ሰው ነው» አለ፣ ለእኔ፤ እሱ እዚያው ቆሞ።

መምህሩ እጅ ነስቶ ወጣ። በማግስቱ አልመጣም፤ በሌላውም ሳምንት አልመጣም። ልጆችን ነገር ዋጥ አታድርጉ እያለ የሚያስተምር ሰው የራሱን ዋጠው። እሱ ሰላም ያወረደ መስሎታል። እኔ ደግሞ የተወኝ መስሎኝ፣ መርፌ በያዝኩ ቁጥር ጣቴን እወጋለሁ።

ያወቀችው ክብሪት ናት። ቀሚስ ልታስረዝም መጥታ ፊቴን አየች፣ ምንም ሳትጠይቀኝ ወጣች። በበነጋታው ከግድግዳ ጋር ሆና መምህሯን ከፊቷ እየነዳች አስገባችው።

«መምህር፣ ሕጉ ለእኛ ብቻ ነው እንዴ?»

ጠርዙን የምዘመዝመውን አንሶላ በአንድ ጫፍ አስያዘችው፤ ሌላው ጫፍ እኔ ጋ ነው። የእሱን መናገር ያለብኝ እኔ ነኝ።

«ከአባቷ ጋር ከማጣላት ብቀር ይሻላል ብለሃል።»

«ግማሹ ነው።»

«ፈርተሃል» አልኩት። «ምረጪ ብትባል እኔን አትመርጥም ብለህ ፈርተሃል።»

«አዎ» አለ። «ያላልኩት ይሄንን ነው።»

ቀጥሎ የእኔን ተናገረ። ሳልጠይቃት ወሰንኩላት፤ ዝምታዬን ሰላም አልኩት፤ እሷን ግን ጠቡ ውስጥ ብቻዋን ጥያት ሄድኩ አለ። እኔ አዎ ለማለት ራሴን ብቻ ነቅንቄ ላልፈው ስል ክብሪት «በቃል ነው!» ብላ ተቆጣችኝ።

በዚህ መሃል የስፌት መኪናው ቆመ።

«የእኔንስ ማን ይናገርልኛል?» አለ አባቴ።

መምህሩ ጫፉን ለግድግዳ ሰጥቶ ሄዶ መኪናው አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ሚስቴ ከሞተች ወዲህ በዚህ ቤት የሚሰማኝ የመኪናዬና የልጄ ድምፅ ነው። እሷን ከወሰድካት፣ መኪናው ሲቆም የምሰማው ምንድን ነው? ይሄንን ነው ያሉት አባባ።»

አባቴ መነጽሩን አውልቆ በቁራጭ ጨርቅ ጠረገው። ደጋግሞ ጠረገው።

«አዎ» አለ በመጨረሻ። «ያልኩት ይሄንን ነው። አሁን ከዚያ ተነስ፤ ክሩን ረግጠኸዋል።»

ተጋብተን ከስፌት ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ገባን፤ አባቴ ድምፃችንን እየሰማ አረጀ። ስንጣላ አንሶላ እንይዛለን። ጠባችን ሲያልቅ አንሶላውም ታጥፎ ይገኛል።

አንድ ጊዜ ብቻ አልያዝንም። ባሌ ሕመሙን ከእኔ ደበቀ። ሐኪሙ ለእኔ የነገረኝ የሚደረግ ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

ቀብሩ ላይ ስለ እሱ የተናገረው ግድግዳ ነበር። አፉ እየተያዘ፣ ሳይቸኩል ተናገረ፤ ማንም ሳቅ አላለም። ቤት ስንመለስ ሰዉ «አርፏል፣ አይዞሽ» ይለኛል። እኔ ግን ከሐዘኑ በላይ ንዴት ነው ያነቀኝ፤ ለማን ይነገራል?

ሰዉ ሲሳሳ ክብሪት አንሶላ ይዛ መጣች። ዛሬ በእሱ ክፍል የምታስተምረው እሷ ናት። አንዱን ጫፍ ሰጠችኝ።

«ንገሪኝ እትዬ።»

ነገርኳት። ሳትቀንስ ሳትጨምር መልሳ ነገረችኝ፤ እንደገና ዝም ብሎ ጥሎኝ ሄደ፣ ነው የምትይው አለችኝ። አዎ፣ ያልኩት ይሄንን ነው አልኳት። ያኔ እንባዬ መጣ።

«አሁን የእሱን» አለች።

ብብቱ የተጣመመው ሸሚዝ በሩ ላይ ተሰቅሏል። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ልተረትረውና በወጉ ልሰፋው እጄ እሺ አላለኝም።

«ካወቀች ሳቋ ይቆማል ብለህ ፈራህ» አልኩት ሸሚዙን። «የቀረህን ቀን እየሳቅኩ ልታየኝ ፈለግክ።»

መልሱ የክብሪት አይደለም። ተነሥቼ ጣቴን በጠማማው ስፌት ላይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ቀስ ብዬ አስኬድኩት።

«አዎ» አልኩ በእሱ ፈንታ። «ያላልከው ይሄንን ነው።»

ከዚያ አንሶላውን ከክብሪት ጋር አጠፍነው።