ቅርፊት የሌለው ዓሣ

ደብረ ታቦር ላይ ጥሩ ዓሣ የት ይበላል ብሎ እኔን የሚጠይቅ ሰው አድራሻ ተሳስቷል። እኔ ዓሣ እጠላለሁ። መጥላት እንኳ ሲያንሰው ነው፤ እጸየፋለሁ። ጠረኑ ገና ከሩቅ ሲመጣ ምራቄ ይለወጣል።

ምክንያት አለኝ። ስድስት ዓመት ኩዌት ሰው ቤት ስሠራ የማዳሜ ቤተሰብ ዓሣ ያልበላበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሆዱን የምቀድደው እኔ፣ አንጀቱን ጎትቼ የማወጣው እኔ፣ ዓይኑ እንዳፈጠጠ ራሱን የምቆርጠው እኔ። ሩብያን የሚሉትን፣ ትል ይሁን አንበጣ ያልለየለትን የባሕር ፍጥረት ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር ባልዲ ሙሉ እልጥ ነበር። እጄን በሎሚ ባሸው፣ በበረኪና ብፈትገው ያው ነው። አንድም ቀን ግን ቀምሼ አላውቅም። ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ ፍጥረት አይበላም ተብዬ ያደግሁ የመሪጌታ ገብረየሱስ ልጅ ነኝ፤ ቅርፊት ያለውም ቢሆን ከዚያ ሁሉ አንጀት በኋላ እንዴት ብዬ እበላዋለሁ።

ስለዚህ ወደ አገሬ ስመለስ ደስ ያለኝ አንዱ ነገር ደብረ ታቦር ደጋ መሆኗ ነው። ባሕር የላት፣ ሐይቅ የላት። ከገበያው ከፍ ብሎ ትንሽ የሴቶች ፀጉር ቤት ከፈትኩና ኑሮዬን ጀመርኩ።

ኅዳር ላይ ለፀጉር ቤቱ ዕቃ ልገዛ ባሕር ዳር ወርጄ ስመለስ፣ ሐሙሲት ላይ አንድ ወጣት ጆንያ ተሸክሞ ሚኒባሱ ውስጥ ገባ። ጆንያውን ከፊቴ ካለው መቀመጫ ሥር አስቀመጠው። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ጠረኑ አልደረሰኝም፤ እህል መሰለኝ። ወረታን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር እግሬ ሥር የሆነ ነገር ቀዘቀዘኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ነጠላዬ ከጉልበቴ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ ጫፉ ደም በቀላቀለ ውሃ ርሷል፣ ጥለቱ ላይ አንዲት የዓሣ ቅርፊት ተለጥፋለች።

«ወራጅ አለ» ማለቴን አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የመንገዱን ዳር ድንጋይ ይዤ ሳስመልስ ነው። ተሳፋሪው በመስኮት ያጉረመርማል። ወጣቱ ውሃ ይዞ ተከትሎኝ ወረደ።

«እህቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለኝ። «ነጠላውን ስጪኝና አጥቤ ላምጣልሽ።»

«አንተ? በዚያ እጅህ?»

እጁን አየው። ከዚያ ሁለቱንም ኪሱ ውስጥ ከተታቸውና መሬት መሬት ያይ ጀመር። ሰው ሲያፍር እንዲህ ያምራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ይብሱን ያናደደኝም ይኸው ነው። ነጠላውን ወረወርኩለት።

ምሕረትአብ ይባላል። ነጠላውን ፀጉር ቤቴ ድረስ ሲያመጣልኝ በእንዶድ ታጥቦ እንደ አዲስ ነጥቷል፤ አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ፈተሽኩት፣ ምንም አይልም። ግባ ስለው ከሥራ መምጣቱ ስለሆነ አይሆንም ብሎ ከደጅ ቆመ። እውነቱን ነው። ደንበኞቼ አፍንጫቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ይሣሣቃሉ።

ከደጅ እንደቆመ ነገረኝ። አገሩ ከሐሙሲት ወደ ሐይቁ ወረድ ብሎ ቆራጣ ነው። የቅኔ ትምህርት ጀምሮ ትቶ ከመናኸሪያው ጀርባ ዓሣ ቤት ከፍቷል። ሌሎቹን ዓሣ ቤቶች ዞሮ ቢያያቸው አንዱም ደስ አላለውም፤ እሱ ሰው ሳይጠራጠር የሚበላበት ቤት ነው የሚፈልገው። እኔ ባሕር ካለበት አገር የመጣሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ምን እንደጎደለ እያየሁ እንድነግረው ለመነኝ። ዓሣ ባየሁ ቁጥር ወደ ላይ እንደሚለኝ ብነግረው «ለዚህማ ካንቺ የተሻለ ሰው ከየት ይገኛል» አለ።

እሺ ያልኩት ለምን እንደሆነ አሁንም አላውቀውም። ብቻ በየሳምንቱ ከሥራ ስንወጣ አንድ አንድ ቤት ማየት ጀመርን። አቤት ያየሁት ጉድ። አንዱ ቤት ዘይቱ ከመጥቆሩ የተነሣ የተጠበሰው ዓሣ ይሁን የጫማ ሶል አይለይም። ሌላው ጋ ዓሣው ቀዝቅዞ፣ ሟሙቶ፣ እንደገና ቀዝቅዞ ሲነኩት ይፈረፈራል። ሦስተኛው ጋ አስተናጋጇ ሎሚ በቆረጠችበት ቢላዋ የዓሣ ሆድ ስትከፍት ባይኔ አየሁ፤ ከጠረጴዛው ሥር ድመት የትናንቱን አጥንት ትቆረጥማለች። እኔ አፍንጫዬን ይዤ እዘረዝራለሁ፣ እሱ ያዳምጣል። ካየነው ጥፋት አንዱንም በቤቱ አልደገመም። ዘይቱን በየቀኑ ይለውጣል፣ ቢላዎቹን ለየብቻ አደረገ፣ ቅርፊቱ ያልተነሣ ሙሉ ዓሣ ካልሆነ ከማንም አልቀበልም አለ።

ሁልጊዜ አብረን ስንሄድ አንድ ነገር ታዘብኩ። መንገዱ በታጠፈ ቁጥር ቦታ ይቀይራል፤ ግራዬ የነበረው ቀኜ ይሆናል። በኋላ ገባኝ። ነፋሱ የሱን ጠረን ወደኔ እንዳያመጣ አቅጣጫውን እያየ ነው የሚራመደው። ይህን ያወቅሁ ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ወደ ጋፋት በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ አንድ እሑድ ቆም አለና፣ ፊቱን ወደ ማሳው እንዳዞረ «ርብቃ፣ ጠረኑ አይለቅም» አለኝ። «ያልሞከርኩት ነገር የለም። ቅኔውን ጀምሬ ትቻለሁ፣ እርሻውን ጀምሬ ትቻለሁ። ያልተውኩት ይኸን ብቻ ነው። አንቺ ተው ካልሽኝ ግን እተዋለሁ።»

ተው ልለው አፌን ከፈትኩ። እጁ ላይ የቢላዋ ጠባሳዎች አሉ፤ የኔም እጅ ላይ አሉ።

«አትተው» አልኩት። «ግን ታጥበህ ና።»

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን ያዘኝ። ታጥቦ ነበር የመጣው። ትንሽ ትንሽ ይሸት ነበር።

ጥምቀት እንዳለፈ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ አባቴ ላከ። እናቴ እኔ ኩዌት ሳለሁ ስላረፈች ቤቱ ያለው እኔና አባቴ ብቻ ነን፤ ከበሩ ኋላ ቆሜ አዳምጣለሁ። አባቴ፣ ምሕረትአብ በነቢያት ጾም ለክርስቲያን ዓሣ ሲሸጥ የከረመ ሰው መሆኑን ሰምተዋል፣ አልወደዱትም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቶ ታደሰ ነገሩን ሊያለዝቡ ፈልገው «የኔታ፣ ጴጥሮስም እኮ ዓሣ አጥማጅ ነበር» አሉ።

«ጴጥሮስማ መረቡን ጥሎ ነው የተከተለው» አሉ አባቴ። «የናንተው ልጅ ትምህርቱን ጥሎ ወደ መረቡ ሄደ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን ዋጡ። አባቴ ገበታውን ሳያዩ እሺም እምቢም እንደማይሉ ነገሯቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዓሣ ቤቱ ሄደው ሊበሉ ተስማሙ።

እሑድ ቤቱ ሞላ። አባቴና ሽማግሌዎቹ ከውስጠኛው ጠረጴዛ ተቀምጠዋል፤ ሌሎቹም ጠረጴዛዎች ላይ ሰው ይበላል። እኔ አፍና አፍንጫዬን በሻሽ አስሬ ማዕድ ቤት ገባሁ። ንጽሕናውን ልቆጣጠር ነው ያልኩት፤ እውነቱ ግን ጭንቀት መቀመጫ ነሥቶኝ ነው። ሳፋው ውስጥ ገና ያልተጠበሰ ዓሣ ተቆራርጦ አለ። ሻሹንም አልፎ አንድ ጠረን መጣብኝ። የለመድኩት የዓሣ ቅርናት አይደለም። የረግረግ ጭቃ ይሸታል።

«የዚህ ዓሣ ቆዳው የታለ?» አልኩት።

ምሕረትአብ በደስታ እየተጣደፈ ነገረኝ። የአጎቱ ልጅ ዋልልኝ ከቆራጣ የላከው ነው። የሽማግሌ ቀን መሆኑን ስለሰማ ሥራ ላቅልልለት ብሎ ገፍፎና ቆራርጦ ላከለት። ሁሌ ሙሉ ዓሣ ብቻ የሚቀበለው ሰው የዛሬን ብቻ ብሎ የዘመድ እጅ አምኗል።

ዓሣ ዳግም አልነካም ያልኩት ሴት እጄን እስከ ክርኔ ሳፋው ውስጥ ከተትኩ። ዝልግልጉ በጣቶቼ መሃል ሲያልፍ ሰውነቴ በሙሉ ሸከከኝ። ቁራጩን እያነሣሁ አገላበጥኩ። አንዱ ላይ ጥፍር የምታክል ቆዳ ተርፋለች፤ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ቅርፊት የሚባል ያልበቀለባት።

«አምባዛ ነው» አልኩ፤ አይበላም የተባለው።

ፊቱ አመድ መሰለ። ከወዲያ የአባቴ የጸሎት ድምፅ ይሰማል፤ ገበታውን እየባረኩ ነው። ቶሎ ብዬ፣ አልበሰለም ብለህ አንሣውና ሽሮ እናቅርብ አልኩት። ማንም አያውቅም።

«ሌሎቹስ?» አለኝ። «እነሱኮ በልተዋል።»

ወደ እንግዶቹ ገባና አባቴ ፊት ያለውን ሳህን በእጁ ከደነው። «የኔታ፣ አይቅመሱ» አለ፤ ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሰዎች፣ ይቅር በሉኝ። ያበላኋችሁ አምባዛ ነው። ሳላይ ተቀብዬ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ።

ወንበር ወደቀ። አንዱ ሰውዬ እየሮጠ ወጥቶ ከደጅ ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከተተ፣ አንዲት ሴት እየተጉመጠመጠች ትሳደባለች፣ ወለሉ ላይ የተተፋው ብዛቱ። አባቴ የጠቀለሉትን ጉርሻ አስቀመጡ፣ ውሃ አስመጥተው እጃቸውን ታጠቡና ወጡ። ማታውን ከተማው በሙሉ «የአምባዛው ቤት» ይለው ጀመር።

አባቴን ደፍሬ ያነጋገርኳቸው ከቀናት በኋላ ነው። ልጁ ሊዋሻቸው ሲችል እንዳልዋሸ፣ ለዚህም በልባቸው እንዳመሰገኑት ነገሩኝ።

«ታዲያ እሺ በሉኛ አባዬ» አልኩ።

«ሰው በደጁ ሲያልፍ አፍንጫውን ይይዛል። ማንም የማይቀምሰው ገበታ ላይ ልጄን አላስቀምጥም። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሰው ከበላለት ሽማግሌዎቹ ይመለሱ። ካልሆነ ግን ይቅርብሽ።»

ምሕረትአብ ከዚያ ወዲህ እየነጋ ራሱ ቆራጣ እየወረደ ቅርፊታቸው ያልተነሣ ዓሣዎች ያመጣል። ማንም አይገባም። ማታ ማታ ለውሻ ይጥለዋል፤ ሰፈሩ ሁሉ ጠነባ። ልጠይቀው ስሄድ በባዶው ቤት ተቀምጦ አገኘሁት። ሊዘጋው ነው። ወደ ወላጆቹ አገር ሊመለስ ነው። አብረን እንጥፋ ስለው ራሱን ነቀነቀ።

«በግልጽ የወደድኩሽን በድብቅ አልወስድሽም» አለኝ።

እያለቀስኩ ወጣሁ። ቤቴ ስደርስ ግን ለቅሶው ወደ ንዴት ተለወጠ። አምባዛ እኮ ሳያውቅ ነው ያቀረበው፤ በጠቆረ ዘይት የሚያበሉን አሁንም ሰው ሞልቶላቸዋል።

በማግሥቱ የገበያ ቀን ነበር። ዓሣ ቤቱ በረንዳ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት፣ ጠረጴዛና ወንበር አወጣሁ። ምሕረትአብ ያመጣውን ዓሣ ከነቅርፊቱ ትሪ ላይ ደርድሬ ከፊቴ አስቀመጥኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አንድ ሙሉ ዓሣ ጥብስ ከነራሱ አዘዝኩ።

«ለማን?» አለኝ።

«ለኔ።»

እየቀለድኩ መስሎት ነበር። ዓይኔን አይቶ ገባ።

ሲመጣ ትኩስ ነው፣ ዓይኑ ነጭ ሆኖ አፍጥጧል። ከጎኑ ቆረስኩና አፌ ውስጥ አደረግሁ። ያ ሁሉ የኩዌት አንጀትና ባልዲ ምላሴ ላይ መጣ። ጉሮሮዬ አልቀበልም አለ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ዋጥኩት። ሁለተኛውንም ዋጥኩት። ገበያተኛው ይቆም ጀመር። የመሪጌታ ልጅ ናት ሲባባሉ እሰማለሁ። አንዷ ደንበኛዬ ጠጋ ብላ ምን ነካሽ አለችኝ፤ አፌ ሙሉ ስለሆነ በእጄ ትሪውን አሳየኋት።

ሕዝቡ ገለል ሲል አባቴ መቋሚያቸውን ይዘው ከፊቴ ቆመዋል።

«ይጣፍጣል?» አሉኝ።

«አይጣፍጥም አባዬ። ወደ ላይ እያለኝ ነው።»

«ታዲያ ለምን ትበይዋለሽ?»

ምሕረትአብ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። ገበያው ሁሉ ይሰማል። አባቴ ፊት እንዲህ ያለ ነገር ተናግሬ አላውቅም።

«ምሕረትአብን ስለምወደው ነው» አልኩ።

አባቴ ወደ ትሪው ጎንበስ አሉና አንዱን ዓሣ ከጭራው ወደ ራሱ በጣታቸው ዳሰሱት፤ ቅርፊቱ ሲነሣ ድምፁ ይሰማል። ከዚያ ወንበር ስበው ከፊቴ ተቀመጡ፣ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

«ልጄ» አሉ ወደ በሩ ዞረው፣ «ለኔም አምጣልኝ።»

ምሕረትአብ ወደ ማዕድ ቤት ሮጠ። ከቆሙት መሃል ሁለት ሰዎች ገብተው ተቀመጡ፣ ከዚያ ሌሎች። እኔ ገና አንዱን ጎን ነበር የጨረስኩት። ውሃ ተጎነጨሁና ዓሣውን ገለበጥኩት።