ያልታሰረው መረብ

ነፋሱ የወፍ ጥናት ጣቢያውን በር ገንጥሎ ሊወስደው ሲታገል ጋሼ መኳንንት የዝናብ ካፖርታቸውን አነሱ።

«ልጄ፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን መረብ ጠቅልዬዋለሁ። ማሰሬን ግን እንጃ» አሏት።

ኑሃሚን ክው አለች። ወፎችን በቀጭን መረብ እየያዙ፣ እግራቸው ላይ ቀለበት አስረው የሚለቁት ሰዎች ማዕበል ሲመጣ መጀመሪያ መረቡን ይዘጋሉ። ያልታሰረ መረብ በነፋስ ይዘረጋል፤ የገባችበት ወፍ ረጥባ፣ በርዷት ትሞታለች። ጠዋት እሳቸው «ዘግቻለሁ» ሲሏት ሄዳ ማየት ነበረባት። ግን አባቷ «ድብ ባለበት አገር ብቻዋን አትሄድም» ብለው ከካልጋሪ እዚህ የካናዳ ባሕር ጠረፍ ድረስ ከእሷ ጋር የላኳቸውን ትልቅ ሰው ከኋላ ተከትሎ መቆጣጠር ነውር መሰላት። አጉል ይሉኝታ ስንቱን ገድሏል!

ሁለቱም ወጡ። ሰማይና ምድሩ ተደበላልቋል። ባሕሩ የሸሸበት ጭቃ እስከ ጉልበታቸው እየዋጠ፣ እየተፋ አሻገራቸው። ወንዙ አፍ ላይ ውሃው ኑሃሚንን ከወገቧ ገፍቶ ሲጥላት ሽማግሌው የጃኬቷን ኮፍያ ይዘው ጎትተው አወጧት።

«ጋሼ፣ ታይዱ፣ የባሕሩ ሙላት፣ እየመጣ ነው። ማለቴ፣ መመለሻ አይኖረንም» አለች ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ።

«አውቃለሁ። ቅደሚ።»

ከማዶ የጠበቃቸው ጥቁር ድብ ነበር። መረቡን እንደ ወይን ዘለላ እየሸመጠጠ ወፎቹን ይበላል። ጋሼ መኳንንት የወደቀ የብረት ምሰሶ አንስተው ድንጋይ ላይ እየቀጠቀጡ፣ ዕድሜ ልካቸውን ከባድ መኪና ሲነዱ በሻከረ ጉሮሯቸው ጮኹበት። ድቡ ቆሞ አያቸው። ከዚያ የመረቡን ቁራጭ እየጎተተ ጫካ ገባ።

የቀሩት ወፎች ጭብጥ ጭብጥ እንዳለ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥለዋል። ኑሃሚን አንዱን ፈታች፣ ሞቷል። ሌላውን ፈታች፣ ሞቷል። እያለቀሰች ሁሉንም ፈታች። አንዲት ብቻ ልቧ ይመታል። ጉያዋ ውስጥ ከተተቻት።

ውሃው መንገዱን ዘግቶ ስለነበር ትልቅ ግንድ ላይ ተቃቅፈው ባሕሩ እስኪሸሽ ጠበቁ። ሽማግሌው ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኖ ካፖርታቸውን ለእሷ ደረቡላት። ጣቢያው ሲደርሱ እጇን ጉያዋ ውስጥ ከተተች። ወፏ ቀዝቅዛለች። ኑሃሚን ተስፋዋ ሁሉ ጨለመባት። እዚህ የመጣችው ወፎችን ለማዳን ነበር።

በማግስቱ ነፋሱ በረደ። የቀኑ ሥራ ሲያልቅ ጋሼ መኳንንት ሌላ መረብ ጠቅልለው አሰሩ።

«ዘግቻለሁ፣ ልጄ።»

«እሺ ጋሼ» አለች። ግን አልፋቸው ሄዳ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ነካች። ሁሉም በደንብ ታስረዋል። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዞሩ፤ እሷም ቀና ብላ ልታያቸው አልደፈረችም።