ከሳሽና ተከሳሽ በሆኖሉሉ

ካዌና የችሎቱ ወንበር እሾህ ሆነባት። ትነሣለች፣ ትቀመጣለች፤ ዓይኗ ግን ከወዲያኛው ጠረጴዛ አልነቀል አለ። እዚያ ሌን ተቀምጧል። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕሩ ከፍ እያለ የሃዋይን ዳርቻ ሲበላ፣ ግዛቲቱ የነዳጅ ኩባንያዎችን «ነዳጃችሁ ምድርን እንደሚያሞቅ እያወቃችሁ ደበቃችሁ፤ ካሱ!» ብላ ልትከስ ተነሣች። የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ «መክሰስ አትችይም» ብሎ ራሷን ግዛቲቱን ከሰሰ። ካዌና የግዛቲቱ ጠበቃ ናት፤ ሌን የፌዴራሉ። ፍቅር ክስ አይጠብቅምና፣ ሁለቱ ከዚያ በፊት ምሳ ሰልፍ ላይ ሽሪምፕ ለተባለው የባሕር ምግብ የመጨረሻ ሳህን ተከራክረው፣ ኋላም ተካፍለው በልተው ተዋደዋል።

ደንቡ ግልጽ ነበር። የሚዋደዱ ጠበቆች በአንድ ጉዳይ ግራና ቀኝ መቆም አይችሉም፤ አንዳቸው መልቀቅ አለባቸው።

«እኔ አልለቅም» ብላው ነበር። «የአባቴን ቤት አይተኸዋል። ማዕበሉ ደጃፉ ደርሷል።»

«እኔስ ብለቅ? ከሥራ ያባርሩኛል እኮ!»

«እንግዲያው ሁለተኛ እንዳትደውልልኝ!»

አፏ ተናገረ እንጂ ልቧስ አልነበረበትም። እሱ ግን ቃሏን አክብሮ አልደወለላትም። ወር ሙሉ ስልኳን እያየች እንቅልፍ አጣች። «ሥራውን መረጠ» እያለች በገዛ እልኋ ተቃጠለች።

ዳኛዋ ገቡ። ሌን ብድግ አለ፤ ፊቱ ገርጥቷል።

«ክብርት ዳኛ፣ ከዚህ ጉዳይ እንድሰናበት ይፈቀድልኝ።»

«ዛሬ? በምን ምክንያት?»

«የግዛቲቱን ጠበቃ እወዳታለሁ። መልቀቂያዬንም ጠዋት ለአለቃዬ ሰጥቻለሁ።»

አጠገቡ የነበረው ባልደረባው አፉን ከፍቶ ቀረ። ዳኛዋ ከመነጽራቸው በላይ ወደ ካዌና ተመለከቱ።

«ተቃውሞ አለዎት?»

ካዌና ቆመች።

«አለኝ!» አለች። «ለእኔ ሳይነግረኝ ለፍርድ ቤቱ መንገሩን እቃወማለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ዳኛዋ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «ተቃውሞውን ተቀብለናል። አጭር ዕረፍት! አቶ ሌን፣ ወጣ ብለው ስሕተትዎን ያርሙ» አሉ።

ኮሪደሩ ላይ እጁን ጭብጥ አድርጋ ያዘችው።

«አንተ ጅል! ከእንግዲህ ምን ልትሆን ነው?»

«ሥራ ፈት። ታገቢኛለሽ?»

«አባቴ ሥራ ፈት አይወድም።»

«አንቺስ?»

ሳመችው።

ዕረፍቱ ሲያበቃ ካዌና ልትከራከር ገባች። ሌንም ተከትሏት ገባና ከታዳሚው መካከል፣ ከእሷ ጀርባ ተቀመጠ።