የምድር ቤቱ ጥንስስ

ባቡር ነጂው የተገኘው በምድር ቤቱ ደረጃ ግርጌ፣ በደረቱ ተደፍቶ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጠንካራ ቢራ ከመጥመቅ ሌላ ሥራ አልነበረውም፤ ሞትም ያገኘው እዚያው፣ ከበርሜሉ አጠገብ ነው።

ሐኪሙ ግንባሩን መረመረና «ከድንጋዩ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ነው። ወዲያው ነው ያለፈው፤ ከትናንት ወዲያ ማታ ይመስለኛል» አለ።

ወለሉ ላይ የቢራ አረፋ ደርቆ ተጣብቋል። ፖሊሶቹ «አዳልጦት ነው» ብለው መዝገቡን ሊዘጉት ነበር።

መርማሪዋ ግን ሌላው ጉዳዩ አለቀ ሲል ወንበር ስባ የምትቀመጥ ሴት ናት። ባልደረቦቿ «አትቸኩሌ» የሚል ስም አውጥተውላታል። እውነታቸውን ነው፤ ቤቷ የሚጠብቃት ሰው ስለሌለ መቸኮልን የት ትልመደው?

ከታችኛው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ አየች። የሟቹ የጫማ ሶል አረፋ አልነካውም፤ ንጹሕ ነው። የኮቱ ጀርባ ግን በደረቀ አረፋ ተዥጎርጉሯል። ሬሳው ሲነሳ ደግሞ ከደረቱ ሥር የነበረው ወለል ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።

በርሜሉ ዘንድ ሄደች። ጣራው ላይ ሳይቀር አረፋ ፈንጥቋል፤ አሁን ግን ከክዳኑ የወጣ ጎማ ቱቦ ውሃ በሞላ ማሰሮ ውስጥ ተነክሮ ቡልቅ፣ ቡልቅ ይላል። በርሜሉ የቆመው ውሃ ባለበት ገንዳ ውስጥ ነው፤ ወገቡ ላይ ጨርቅ ተጠምጥሟል። ጨርቁን ዳሰሰችው። ርጥብ ነው።

ሬሳውን መጀመሪያ ያየው ጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየው ልብስ ሰፊ ነው።

«ኮት አሳጥሬላቸው ላቀብል መጣሁ» አለ። «ብጠራ መልስ የለም። በሩን ገፋ ሳደርገው... ወይ ጉድ!»

«ትስማሙ ነበር?»

«አልዋሽም፣ ተጣልተናል። የምሰፋው ልብስ ሁሉ ብቅል ብቅል እየሸተተ ደንበኛ ሸሸኝ። ግን ለሽታ ተብሎ ሰው ይገደላል?»

«በርሜሉን ነክተኸዋል?»

«ያንን የሚያፏጭ ነገር? በሩቁ!»

«ሟቹ ሲያወሩ የሰማኸው ነገርስ?»

«የስፌት መኪናዬ ሲንጫጫ እንኳን የሰው፣ የራሴንም ሐሳብ አልሰማ።»

ሁለተኛው የሟቹ የባቡር ረዳት የነበረ ሽማግሌ ነው። ከባቡሩ ሲወርዱ ቢራውን አብረው መጥመቅ ጀምረው፣ አምና ተኳርፈው ነበር።

«በምን ተጣላችሁ?» አለችው።

«እርሾ አበዛህ ብዬው! ሌላ ምን አለን፣ ልጄ?» አለና ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። «ሁለት ሽማግሌ በእርሾ ተኳርፎ አንዱ ሲሞት... ሳቂብን።»

አልሳቀችም። «ሲገነፍልባችሁ ምን ታደርጉ ነበር?»

«ጠንካራ ቢራ ብቅሉ ብዙ ነው። እርሾው ያንን ሁሉ ሲያገኝ ያብዳል፤ ራሱን በራሱ ያሞቃል። ቶሎ ካላበረድሽው ክዳኑን ፈንቅሎ ይወጣል። ስለዚህ ሰፊ ቱቦ አውጥቶ ውሃ ውስጥ መንከር ነው፤ አረፋው መውጫ ያገኛል። በርሜሉን ገንዳ ውስጥ አቁመሽ ጨርቅ ታለብሺዋለሽ። የጨርቁን ጫፍ ገንዳው ውሃ ውስጥ ትለቂዋለሽ። ከዚያ ጨርቁ ራሱ ውሃውን ሽቅብ ሲስብ ያድራል፤ አንቺ ትተኛለሽ። የጫፏ ነገር የሱ ብልሃት ናት። ለኔም አልነገረኝም፤ እጁን እያየሁ ነው የለመድኳት።»

የቀረችው የሟቹ እህት ናት፤ ከምድር ቤቱ በላይ ባለው ክፍል ብቻዋን ትኖራለች። ቤቷ ውስጥ ሁለት ወንበር አለ። የአንዱ ጨርቅ እንደ አዲስ ነው፤ ሌላው እስኪሳሳ ተቀምጠውበታል። የሳሳው ወንበር ከምድር ቤቱ ከሚወጣው የግድግዳ ቱቦ ጋር ተለጥፎ ቆሟል።

«ከወንድምዎ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«አንድ ጣራ ሥር ነበርን።»

«ማለት?»

«ማለቴማ ይኸው ነው።»

«ምድር ቤት ይወርዳሉ?»

«እግሬን አንስቼ አላውቅም። ቢራ መሆኑን እንጂ ሌላ ምኑንም አላውቅ።»

መርማሪዋ ጆሮዋን ወደ ቱቦው አስጠጋች። ከውስጡ ቀጭን ድምፅ መጣ፤ ቡልቅ፣ ቡልቅ።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም በርሜሉ ዘንድ ሰበሰበቻቸው።

«አረፋው ከሥሩ የለም፤ ጀርባው ላይ አለ» ብላ ጀመረች። «ስለዚህ ቢራው የገነፈለው ሰውየው ከወደቀ በኋላ ነው፤ አላዳለጠውም። ከገነፈለ በኋላ ደግሞ አንድ ሰው መጥቶ ቱቦ ሰክቷል፣ ጨርቅ አልብሷል። ሬሳውን ተሻግሮ ማለት ነው።»

ልብስ ሰፊው ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ከርሳቸው በቀር ይህን የሚያውቅ ማን አለ?»

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያው አስቤ ነበር» አለች መርማሪዋ። «ግን ጨርቁን እዩት። ጫፉ ውሃውን አልነካም፤ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። እንዲህ የተጠመጠመ ጨርቅ በግማሽ ቀን ይደርቃል፤ ዛሬ ጠዋት ግን ርጥብ ነበር። አንድ ሰው እየተመላለሰ ሲያረጥበው ቆይቷል። እኚህ አባት ቢሆኑ ጫፉን ውሃው ውስጥ ለቀው ይሄዱ ነበር። አንተ ደግሞ ጭራሽ አታውቀውም። ይህን ያደረገው ሥራውን በጆሮው የሰማ፣ በዓይኑ ግን ያላየ ሰው ነው። ከዚህ የሚሰማው ደግሞ አንድ ክፍል ብቻ ነው።»

እህትየው ጎንበስ ብላ የተንጠለጠለውን የጨርቅ ጫፍ አየችው።

«ለካ እንዲህ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ይቺን አልተናገራትም።»

«ለማን?» አለ ሽማግሌው።

«ለበርሜሉ ነዋ! እናታችን የተቀበረች ቀን ባቡር ሲነዳ ቆይቶ አርፍዶ መጣ። በሰው ፊት ‹ከእንግዲህ ባቡርህን እናቴ ብለህ ጥራት› አልኩት። ከዚያች ቀን ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሰልኝም። ማታ ማታ ግን ቁጭ ብሎ ለዚህ ያወራል። ‹አይዞህ፣ ቀስ በል፣ አሁን ጨርቅ አለብስሃለሁ› ይለዋል። እኔ ከላይ ወንበሬን አስጠግቼ አዳምጣለሁ። የወንድሜን ድምፅ የማገኘው በዚያ ብቻ ነበር።»

«ያን ዕለትስ?» አለች መርማሪዋ።

«‹ደህና እደር› አለው። ወረድኩ። ደረጃው ላይ አገኘሁትና ‹እኔንም ደህና እደሪ በለኝ፤ ያቺን አንዲት ቃል ብቻ› አልኩት። ዓይኔን አይቶ ጀርባውን ሰጠኝ። ገፋሁት።» እጆቿን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አየቻቸው። «ሸሽቼ ወጣሁ። ንጋት ላይ ክዳኑ ሲንኳኳ ሰማሁ። ወንድሜ ያወራ የነበረው ከዚህ ቢራ ጋር ነው፤ እሱም ፈስሶ ይለቅ? እንዴት ብዬ ልተወው?»

ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ። ልብስ ሰፊው ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

የፖሊስ መኪናው በር ላይ ቆሞ ነበር። እህትየው ከኋላ ገባች፤ መርማሪዋ እንደ ደንቡ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠች። ጥቂት እንደሄዱ ከኋላ ድምፅ መጣ።

«ልጄ፣ እስክንደርስ አታዋሪኝም?»

መርማሪዋ መኪናውን አስቆመች። ወርዳ ከኋላ፣ ከሴትየዋ ጎን ገባች።

«ስለ ምን እናውራ?»

«ኧረ ስለ ምንም ይሁን» አለች ሴትየዋ፤ ቦታ ልትለቅላት ወደ መስኮቱ ፈቀቅ እያለች።