አላጸድቅም ያለው ፈታሽ

ዓይነ ስውሩ ፈታሽ ጠዋት ከደረጃው ግርጌ ሞቶ ተገኘ። ዩኒቨርሲቲው የቀጠረው አዲሱ ድረ ገጽ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች መሥራቱን እንዲፈትሽ ነበር። እሱ ገጹ ላይ ‹አጽድቅ› የሚለውን ካልተጫነ ገጹ ለምዝገባ አይከፈትም። መርማሪዋ ስትደርስ እህቱ ከጥበቃው ጋር ትተናነቃለች።

«ስላላየ ወደቀ ይሉኛል! ዓመታት የተመላለሰበትን ደረጃ!»

«እህቴ፣ እኔ ገና ምንም አላልኩም።»

«እንግዲያው እንዳትይ!»

የሟቹ ጠረጴዛ ላይ የቁልፍ ሰሌዳና ማዳመጫ ብቻ አሉ።

«ማውሱስ?» ስትል ድረ ገጹን የሠራውን ባለሙያ ጠየቀችው።

«ምን ያደርግለታል? ኮምፒውተሩ ያነብለታል፤ እሱ በቁልፎቹ ይሄዳል።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«በየቀኑ! ‹ላክ›፣ ‹አጽድቅ› የሚሉትን አዝራሮች በማውስ ብቻ እንዲሠሩ አድርጌ ሠራኋቸው። ‹ተማሪዎቼ ደጅ ይደሩ?› ብሎ ልኬን ነገረኝ። ላስተካክል ስል ኃላፊያችን ‹ለጥቂት ሰው ብለን አንዘገይም› አለ።»

ኃላፊው ፊቱን አጨፍግጎ ተቀበላት።

«ምስኪን! ትናንት በሥራ መውጫ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ፣ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ራሱ አጸደቀና ደስ ብሎት ወጣ።»

«ሲያጸድቅ አዩት?»

«በዓይኔ በብረቱ!»

መርማሪዋ ሁሉንም በሟቹ ክፍል ሰበሰበችና ባለሙያውን «በዚህ ሰሌዳ አጽድቅ» አለችው። ቁልፉን በነካ ቁጥር ማሽኑ የገጹን ቃላት ጮክ ብሎ አነበበ፤ ‹አጽድቅ› ላይ ሲደርስ ዘሎት ሄደ።

«አይቻልም» አለ ባለሙያው።

«ገጹ ግን ትናንት በስሙ ጸድቋል ይላል፤ ስለዚህ ሌላ ሰው አጽድቆለታል። በሕይወት ቢኖር ዛሬ ይጮህ ነበር፤ ይህን የደፈረው መሞቱን የሚያውቅ ነው። አስከሬኑ ደግሞ ገና ዛሬ ነው የተገኘው።» ወደ ኃላፊው ዞረች። «ባለሙያው አዝራሩ በቁልፍ እንደማይሠራ ስለሚያውቅ ይህን ውሸት አይዋሽም። እርስዎ ግን ሟቹ እየጮኸ ሲነግርዎ አንድ ቀን አልሰሙትም፤ አንድ ቀን አልሞከሩትም።»

«የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጋ ሄጄ እከሳለሁ አለኝ! ገፋሁት እንጂ...»

በር ላይ የቆሙት ፖሊሶች የኃላፊውን ክንድ ያዙ። የሟቹ እህት እሱን ሳታይ ወደ ባለሙያው ዞረች።

«ወንድሜ አጸደቀ የሚለውን አጥፉ። ገጹንም ዝጉት።»

«ዛሬ ምዝገባ ነው፤ ስንት ሺህ ተማሪ እየጠበቀ...» አለ ባለሙያው።

«ይጠብቅ! የወንድሜ ተማሪዎች ሲጠብቁ ማን ደነገጠ?»

ባለሙያው ወደ ራሱ ጠረጴዛ ሄዶ በማውሱ ገጹን ዘጋው።