የጎማር ልጓም

በሰንደራ ባሕር ዳር ዓሣ ተቀቅሎ የወጣ ዕለት የሳቀ ሰው ነበር። «እሰይ፣ ማገዶ ተረፈ!» ብሎ እየፈለቀቀ የበላም አልጠፋም። ወዲያው ግን ከባሕሩ መካከል፣ ከጎማር ደሴት አናት፣ ጥቁር ጢስ ተነሥቶ ፀሐይን ጋረዳት፤ ምድርም ከሥሯ አጉረመረመች። ያን ጊዜ የእሳቱ ልጓም መሰረቁ ታወቀ።

ልጓም የሚሉት አንድ ሰማያዊ ድንጋይ ነው። ከጥንት ጀምሮ በደሴቱ ዳርቻ፣ የጎማር መንጋጋ በሚባል ጥቁር ዐለት ስንጥቅ ውስጥ ተሰክቶ እሳተ ገሞራውን አስተኝቶት ኖሯል። የንጉሡ ወንድም ለራሱ ጌጥ ሊያደርገው ነቅሎ ሲሸሽ፣ ጀልባው እዚያው ደሴቱ ሥር ተገለበጠች፤ ስግብግቡም ድንጋዩም ከባሕሩ ወለል ቀሩ። ይበለው! ጦሱ ግን ለሕዝቡ ተረፈ።

ንጉሥ ዘርሞን አደባባይ ወጥተው፣ «ጎማር አፉን ሳይከፍት፣ ልጆቻችን አመድ ሳይሆኑ፣ ጠልቆ ልጓሙን የሚያወጣልኝ ማን ነው?» አሉ። ጠላቂዎቹ ሁሉ መሬት መሬቱን አዩ። ሐመልታ የምትባል ወጣት ጠላቂ ግን ሕፃን ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ለጎረቤቷ ሰጠችና ወደ ፊት ወጣች።

«ልጓሙን ሳልይዝ ብመለስ ባሕሩ አይማረኝ!» ብላ ማለች።

በሰንደራ ጠላቂ ብቻውን አይጠልቅም። ወገቡ በገመድ ይታሰራል፤ ገመዱን የሚይዝለት የሥጋ ዘመዱ ነው። ጠላቂው ውኃ ውስጥ እስካለ ድረስ ያዡም ከጀልባዋ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ባሕሩ ውስጥ ይነክራል፤ እስትንፋሳቸው አንድ ነውና። ያዡ ትንፋሽ ሲያጥረው ቀና ይላል፤ ቀና ካለ ደግሞ መሳብ ግዴታው ነው። ተንፍሶ ያልሳበ ያዥ ዘመዱን በእጁ እንደ ገደለ ይቆጠራል። ሌላ ሰው ገመዱንም ሆነ ያዡን አይነካም።

የሐመልታ ያዥ አባቷ ደርቤን ነበሩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ደረታቸው ያፏጫል። ቀዛፊው ጉርዛ ገና ሲያያቸው፣ «እኚህን ይዘን ነው ጎማርን የምንገጥመው? በሉ እንግዲህ፣ አለቀልን!» አለ።

ደርቤን ሳቁ። «አንተ ቅዘፍ! ጀልባዋን የሚገፋት ምላስህ አይደለም» አሉት።

ደሴቱ ሥር ሲደርሱ ባሕሩ ይፍለቀለቃል፤ አመድ ይዘንባል። ሐመልታ ጠለቀች። ከታች ሙቅራ የሚባለው ዕውር የባሕር ዘንዶ በተሰበረችው ጀልባ ላይ ተጠምጥሞ ተኝቷል። የአረፋ ድምፅ ከሰማ ይውጣል፤ ካልሰማ አይነቃም። አፏን ግጥም አድርጋ እጇን በሆዱ ሥር ሰደደች። ሰማያዊው ድንጋይ ታያት። ልትነካው አንድ ክንድ ሲቀራት ገመዱ ተሳበ።

ወጥታ አበደች። «አባዬ! ምን አደረጉኝ? ልደርስበት ነበር እኮ! በእርስዎ ትንፋሽ ልጄ ይቃጠል?»

ደርቤን አለከለኩ። ከጎማር አናት የጋለ ድንጋይ ተፈናጥሮ ከጀልባዋ አጠገብ ወደቀ። ሽማግሌው አመዱን ከፊታቸው ጠረጉና፣ «ልክ ነሽ ልጄ። አሁን ሂጂ፤ ተረጋጊ። ከእንግዲህ አልቸኩልብሽም» አሏት።

በተናገረችው አፈረች፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ግን ጊዜ አልነበረም። ተመልሳ ጠለቀች። በሙቅራ ሆድ ሥር ስትገባ የዘንዶው ሻካራ ቆዳ ክንዷን ላጠው። መጮህ አማራት፤ ጩኸቱን ዋጠችው። ልጓሙን ጨበጠች። ገመዱ አልተሳበም። «ጎሽ አባዬ፣ ዛሬ ደረትዎ ጠና!» አለች በልቧ፤ ደስም አላት። ገመዱን እየጨበጠች በራሷ ኃይል ወጣች።

አባቷ ፊታቸውን ባሕሩ ውስጥ እንደ ነከሩ ነበሩ።

«አባዬ፣ አገኘሁት! በቃ፣ ቀና ይበሉ!»

ቀና አላሉም። ገመዱን ክንዳቸው ላይ ጠምጥመው አስረውታል። ትከሻቸውን ይዛ ስታነሣቸው አንገታቸው ዘንበል አለ።

ጉርዛ መቅዘፊያውን አቅፏል። «ሲንፈራገጡ አየሁ፤ እጄን ዘርግቼ መለስኩት። አይነኩም ይላላ ሕጉ! ምን ላድርግ? ንገሪኝ፣ ምን ላድርግ?» ብሎ አለቀሰ።

ሐመልታ በእጇ ወደ ደሴቱ አመለከተችው። ወደ ዳርቻው ቀዘፈላትና ልጓሙን በመንጋጋው ስንጥቅ መልሳ ሰካችው። ጎማር አንድ ጊዜ አቃሰተ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ጢሱ ሲሳሳ ማዶ የሰንደራ ቤቶች እንዳሉ ታዩ። ልጇ ተርፏል።

በሰንደራ ጠላቂም ያዥም የሚቀበሩት ባሕር ውስጥ ነው። ሐመልታ ገመዱን ከወገቧ ፈትታ በአባቷ ወገብ አሰረችና ቀስ አድርጋ አወረደቻቸው። ጫፉን እንደ ያዘች ጎንበስ ብላ ፊቷን ውኃው ውስጥ ነከረች። ደረቷ እስኪቃጠል ትንፋሿን ያዘች። ቆየች። አሁንም ቆየች። ጉርዛ በዚህ ጊዜ ሕጉን ረሳው፤ ትከሻዋን ጨብጦ ቀና አደረጋት።

ተነፈሰች። ተንፍሳለችና መሳብ ነበረባት። ገመዱን ለቀቀችው።